የጎደለችው ፌርማታ

ልብስ ሰፊው በዓል ሲመጣ ሰው የሚሆነው ሱቁን ከዘጋ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት መርፌ በከንፈሩ፣ ሜትር በአንገቱ፣ ደንበኛ በጀርባው ሆኖ "ነገ ውሰዱ" የምትለዋን ቃል እንደ ሰላምታ ሲያድል ይሰነብታል። ነገ የሚባለው ቀን ደግሞ እሱ ዘንድ ከሌላው ሰው ነገ በትንሹ ሦስት ቀን ይርቃል። የመጨረሻውን ሱሪ አስረክቦ የብረት መዝጊያውን ሲያወርድ ግን ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ቀና ይላል። ከዚያ ቤቱ ይገባና አሥሩን የእረፍት ቀን እንደ ግንድ ተጋድሞ ይፈጀዋል። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። አላገባም፤ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። ታናሽ እህቱም በስልክ ባገኘችው ቁጥር "አንተ ልጅ፣ ራትህን በላህ?" እያለች ትተርበዋለች።

ዘንድሮ ግን መጋደም የሚባል ነገር አልነበረም። የእናትየው ጉልበት ከሦስተኛ ፎቅ መውረድን እምቢ ካለ ዓመት አልፎታል። እህትየዋ ሌላ ከተማ፣ ደረጃ የሌለው ቤት አላት። እናም በዓሉ አልፎ በአሥረኛው ቀን ጠዋት እናትየው ከሴት ልጇ ጋር እንድትሄድ፣ ሃምሳ አምስት ዓመት የኖሩበት የኪራይ ቤትም ለባለቤቱ እንዲመለስ ተወሰነ። ልብስ ሰፊው ከሱቁ በላይ ባለችው አንዲት ክፍል ይገባል። ነገሩ ሁሉ በሰላም፣ ያለ ክርክር አለቀ። እናትየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ከመሄዴ በፊት፣" አለች በአገጯ ወደ ግድግዳው እያመለከተች፣ "እዚሁ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ብሰማው።"

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአባትየው ጊታር ነበር።

አባትየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሲበዛ ግዙፍ ሰው ባይሆንም ጣቶቹ ግን ከሌላ ሰው የተዋሳቸው ይመስሉ ነበር፤ መሪ ሲጨብጡ የኖሩ፣ አንዱ ብቻውን የሁለት ጣት ቦታ የሚይዝ። እንደማንኛውም ሰው ጊታር ገዝቶ ሲሞክር አንዱን ክር እነካለሁ ሲል ሦስቱን አንድ ላይ እየረገጠ አስቸገረ። በመጨረሻ አንድ አናጺ ጓደኛው አንገቱ የሰፋ ጊታር ሠራለት። ቅርጹ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ቀለሙ እንደ በሰለ ዳቦ የሆነ፣ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ ጊታር። አናጺውም አባትየውም ካረፉ ቆይተዋል። ጊታሩ አሥራ አንድ ዓመት ተሰቅሎ ሲኖር፣ ክሮቹ ራስጌና ግርጌ የሚያርፉባቸው ሁለት የአጥንት ቁራጮች ጉዳት ደረሰባቸው። የራስጌው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ የግርጌው ወድቆ የት እንደገባ ጠፋ።

ልብስ ሰፊው ሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ይዞት ሄዶ ነበር። ሻጩ ያለውን ሁሉ አውጥቶ አስለካው፤ ሁሉም እንደ ልጅ ጫማ ጠበበ። "ይሄ በትእዛዝ ካልሆነ አይገኝም" ተባለና፣ ሩቅ ከተማ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ የጊታር ሠሪ ስልክ ተሰጠው። ልኩን በስልክ ነገራቸው። ሽማግሌው አስደገሙት።

"ልጄ፣ አንገቱ ይህን ያህል ይሰፋል? እርግጠኛ ነህ?"

"አባቴ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሰው ስለካ የኖርኩ ነኝ" አለ ልብስ ሰፊው ኮራ ብሎ። "እስከ ዛሬ 'ጠበበኝ' ብሎ የተመለሰብኝ ሰው የለም።"

"'ሰፋኝ' ብሎ የተመለሰስ?"

"እሱን እንኳ አጠብለታለሁ።"

ሽማግሌው ሳቁ። ከዚያ አጥንቶቹን በሳምንት ውስጥ እንደሚልኩ፣ ክሮቹ የሚተኙባቸውን ስድስት ቀጫጭን ቦዮች ግን እዚያው፣ ክሩን እያየ፣ ራሱ ማውጣት እንዳለበት ነገሩት። "ቀጭን ሞረድ አብሬ እልክልሃለሁ። ቀስ ብለህ ነው። ቦዩ ከልኩ ካለፈ ክሩ ይንጫጫል። ጥሩ አድርገህ ከሠራኸው ግን እንደ ብርጭቆ ነው የሚጠራልህ።"

ሳምንት ማለት እንግዲህ ሰባት ቀን ነው። ልብስ ሰፊው ግን፣ ሰው ማስጠበቅ እንጂ መጠበቅ የማያውቀው ሰውዬ፣ ገና በሁለተኛው ቀን ፖስታ ቤት ተገኘ።

"የለም ወንድሜ" አለው የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ። "ነገ ብቅ በል።"

በማግስቱም ብቅ አለ።

"ነገ ብቅ በል።"

"አንተ ደግሞ ነገ ነገ ትላለህ እንዴ?"

"ከማን ተማርኩት?" አለ ሠራተኛው በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ። "ይቺን የለበስኳትን ኮት ስትሰፋልኝ አሥራ አንድ ቀን አላመላለስከኝም? ቆጥሬዋለሁ። ገና ስምንት ይቀርሃል።"

ልብስ ሰፊው ኮቱን አየት አደረገው፤ ትከሻው ላይ በደንብ ተቀምጧል፤ እሱ እንኳ አጽናናው።

ቤት ሲመለስ መተኛት ሞከረ። አልሆነም። እናትየው በሁለት ካርቶን መሀል ተቀምጣ ዕቃ እየለየች ነበር፤ አንዱ ካርቶን የሚሄድ፣ ሌላው የሚቀር። አንድ ሲኒ አንስታ ታገላብጥና የማን እጅ ጠርዙን እንደሸረፈው ትናገራለች። ሲኒው የሚቀረው ካርቶን ውስጥ ይገባል። ትንሽ ቆይቶ ወጥቶ የሚሄደው ውስጥ ይገባል። በዚህ ዓይነት ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ካርቶን አልሞላም።

"ዝም ብለህ ከምትንጎራደድ ጊታሩን አውርደህ አቧራውን ጥረግለት" አለችው።

አወረደው። በሱቁ ለሐር ልብስ በሚጠቀምባት ለስላሳ ጨርቅ ሆዱን፣ ጎኑን፣ አንገቱን ጠረገ። ገልበጥ ሲያደርገው ውስጡ አንድ ነገር ተንኳኳ። የዚያን ዕለት ከሰዓት እህትየዋ ሻንጣዋን እየጎተተች ደረጃውን ስትወጣ ያገኘችው፣ ወንድሟን ጊታሩን በአናቱ ላይ ገልብጦ እንደ ገንዘብ ሳጥን ሲነቀንቀው ነው።

"ጋሼ! ምን አደረገህ?"

እህትየዋ ሚጢ ነው የምትባለው። ስሙ የወጣላት ጨቅላ ሆና ነው፤ አሁን አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷም ከወንድሟ በአንድ ራስ ይበልጣል። በበሩ ስትገባ ጎንበስ ትላለች፤ ቤቱ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ሚጢ ነች።

"ውስጡ የሆነ ነገር አለ" አላት።

ተቀብላው እሷም ነቀነቀችው። መጀመሪያ የወደቀው የሸሚዝ ቁልፍ ነበር። ከዚያ የተጠቀለለ የአውቶቡስ ትኬት። ከዚያ አንዲት ቢጫ ቀለም የያዘች፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ምንጣፉ ላይ ወደቀች። ሚጢ አንስታ በመዳፏ ላይ አያት፤ ከዚያ ጮኸች።

"ጥርሴ!"

"የምን ጥርስ?"

"የወተት ጥርሴ ነዋ! አባዬ 'እዚህ ከከተትሽው ጊታሩም እንዳንቺ ይነክሳል' ብሎኝ ነው የከተትኩት። ስድስት ዓመቴ ነበር። እማዬ፣ ጥርሴን እይው!"

እናትየው መነጽሯን አድርጋ እንደ ወርቅ መዛኝ መረመረችው። "ስትነቀል እንዴት ብለሽ እንደጮህሽ አልረሳውም፤ ጎረቤት ሁሉ ነው የወጣው" አለች። ጥርሷን የት እንደምታስቀምጥ ሁለቱን ካርቶን አየች፤ በመጨረሻ የቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተቻት።

ከዚያ ወዲያ መጠበቁ መልኩን ቀየረ። ልብስ ሰፊው ጠዋት ፖስታ ቤት ይሄዳል፤ ተተርቦ ይመለሳል፤ ሚጢ ሻይ ታፈላለች፤ ሦስቱም ምንም ክር በሌለው ጊታር ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ሚጢ "አጥንቱ ሲመጣ ምንድነው የምትመታው ግን?" ብላ ጠየቀችው።

"አባዬ የሚመታውን ነዋ።"

"እሺ፣ በለው።"

አፉን ከፈተ። አልመጣለትም። ሁለት ስንኝ ይላል፣ ይጠፋዋል። ሚጢም መሀሉን ታውቃለች፣ መጀመሪያውን አታውቅም። ለካ የአባትየውን ዘፈኖች ሙሉ በሙሉ የሚያውቅ አንድም ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። እናትየው ጅማሬውን፣ ሚጢ መሀሉን፣ እሱ ማለቂያውን ብቻ ይዘው ነው የኖሩት። ልብስ ሰፊው ከሱቁ የልብስ ንድፍ የሚያወጣበትን ሰፊ ወረቀት ጥቅል አምጥቶ ወለሉ ላይ ዘረጋው፤ ተንበርክኮም የሚያስታውሱትን በሰማያዊ የልብስ ሰፊ ጠመኔ ይጽፍ ጀመር። ሚጢ "ግጥም ነው ወይስ ካፖርት ነው የምንቆርጠው?" አለችው። አልተቀየመም።

አራት ዘፈን ሰበሰቡ። አምስተኛው ላይ ተሰነከሉ። ይሄኛውን አባትየው ራሱ ነበር የፈጠረው፤ የአውቶቡሱ መስመር ነው፤ ፌርማታዎቹን በተራ እየጠራ ከጠዋት መነሻው እስከ ቤቱ በር ያደርሰዋል። ድልድዩ ጋ የሚወርድ የለም ወይ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ሙቅ ሙቅ ይሸታል፣ ትምህርት ቤቱ ጋ ወንበር አትርገጡ፣ እያለ። ከትምህርት ቤቱ ቀጥሎ አንዲት ፌርማታ አለች፤ ከእሷ በኋላ ክሊኒኩ ይመጣል። ያቺ አንዲት ፌርማታ ጠፋች።

"ጫማ ሰፊው ጋ" አለች ሚጢ።

"መድኃኒት ቤቱ ጋ ነው።"

"ክሊኒክ አጠገብ መድኃኒት ቤት እንዴት ለብቻው ፌርማታ ይኖረዋል? ሾፌሩ ሰነፍ ነው እንዴ?"

"ሁለቱም አይደለም" አለች እናትየው። ግንባሯን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። "አፌ ላይ ነች። እዚህ ጋ ስትደርስ አንድ ነገር ያደርግ ነበር። ሳቅ ነበረው። ምን ነበር?" ሲደክማት ወደ ካርቶኗ ዞረች። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን፣ ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች ሳለ ድንገት ቆም ብላ ጣሪያውን ታያለች፤ ከዚያ ራሷን ነቅንቃ መጠቅለሏን ትቀጥላለች። ወረቀቱ ላይ የፌርማታዋ ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ልብስ ሰፊው ደግሞ ለማንም ያልነገረው የራሱ ትዝታ ነበረው። ገና ሕፃን ሆኖ፣ ሚጢ ሳትወለድ ይመስለዋል፣ አባቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጊታር ይመታል። እናቱ ነጭ ፎጣ ይዛ ትነሳና ከራሷ በላይ እያወዛወዘች ክፍሉን ትዞራለች። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፤ ፎጣው ሲውለበለብ፣ አባቱ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲስቅ። እናቱ በሕይወቷ ስትጨፍር ያየው ያኔ ብቻ ነው። ጊታሩ እንዲሠራ የፈለገው አንድም ለዚህ ነበር፤ ግን ጉልበቷ ደረጃ የማያስወርዳትን ሴት 'ጨፍሪልኝ' ማለት አሳፈረው።

ሳምንቱ አለፈ። ስምንተኛው ቀን ፖስታ ቤቱ ጭራሽ ተዘግቶ ዋለ። ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊው በሩ ገና ሳይከፈት እዚያው ቆሞ ነበር። በማግስቱ ጠዋት መኪና ትመጣለች።

ሠራተኛው ቁልፉን እያሽከረከረ መጣ፤ አየው፤ ሊተርበው አፉን ከፈተና ፊቱን ሲያይ ተወው። ገብቶ ቆየ። ሲወጣ የመነጽር ሳጥን የምታህል ጥቅል ይዟል።

"ትናንት ማታ ነው የገባችው" አለ። "እንኳን ደስ ያለህ። አሥራ አንድ ቀን አልሞላህም፤ እኔ ከአንተ እሻላለሁ።"

ልብስ ሰፊው ሦስቱን ፎቅ እንደ ጎረምሳ ወጣው። ጠረጴዛ ላይ ፈታው፤ ሁለት ነጫጭ የአጥንት ቁራጮች፣ የተወለወሉ፣ ሲያዩአቸው የሚያምሩ፣ ከነሞረዳቸው። የራስጌውን አንስቶ ጊታሩ አንገት ላይ አስቀመጠው።

በቀኝም በግራም ጣት ሙሉ ተርፎ ወጣ። ቁመቱም እንደዚያው። የግርጌውን ሞከረ፤ ያው ነው።

ሚጢ በትከሻው ላይ አጎንብሳ አየች። ልኩን የጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት አነሳች፤ ሜትሩን ከወንድሟ አንገት ላይ መዥረጥ አድርጋ ጊታሩን ለካች፤ ወረቀቷን አየች፤ እንደገና ለካች።

"ጋሼ፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ለስፌት ስንት ነው የምትተወው?"

"አንድ ጣት በዚህ፣ አንድ ጣት በዚያ። ለምን ጠየቅሽ…" ብሎ ሳይጨርስ ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የለካውን ልክ እንዳለ ጽፎ አያውቅም። እጁ ራሱ ነው የሚጨምረው፤ ለስፌት፣ ለመተንፈሻ፣ ከበዓል በኋላ ለሚመጣው ቦርጭ። ለአጥንትም ጨምሮለት ኖሯል።

ሚጢ መሬት ላይ ቁጭ ብላ በሳቅ ፈረሰች። "ለጊታር! ለጊታር የስፌት ትርፍ ተወለት! እማዬ ነይ ስሚ፤ ጊታሩ ምናልባት ከወፈረ ተብሎ…"

"ሳቂ" አለ ልብስ ሰፊው። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። "ሳቂ። ጠቦ ቢመጣ ምን ልትሆኚ ነበር? የሰፋ ይጠባል።" ሞረዱንም አነሳ።

የጠረጴዛውን ጨርቅ ገፈፈ፤ በመስኮቱ በኩል ብርሃኑ ወዳለበት ዞሮ ተቀመጠ። አጥንት እንደ ጨርቅ አይደለም፤ በመቀስ እሺ አይልም። ይሞርዳል፣ ያስቀምጣል፣ ያያል፣ ያነሳል፣ ይሞርዳል። ነጭ ዱቄት ጉልበቱ ላይ ተከመረ። ሚጢ መጀመሪያ ትስቅበት ነበር፤ በኋላ ግን ጊታሩን ያዘችለት። እናትየው ወደ ማድ ቤት እየገባች የመጨረሻዎቹን ድስቶች ትጠቀልላለች። ምሳ ቀዝቅዞ ተበላ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁለቱም አጥንቶች ቦታቸውን ያዙ፤ እንደ ልክ ልብስ ጥብቅ ብለው። ከሙዚቃ መሣሪያ ሱቁ የገዛቸውን ክሮች ወጠረ፤ ቦዮቹን ለማውጣት ጎንበስ አለ።

የመጀመሪያው ቦይ ጥሩ ወጣ። ክሩን መታው፤ ሽማግሌው እንዳሉት እንደ ብርጭቆ ጠራ። ሁለተኛውም ጠራ። ሦስተኛው ላይ እጁ ደክሞ ነበር። ላቡ ቅንድቡ ላይ ደርሷል። አንድ ጊዜ ገፋ አደረገና፣ ሞረዱ ሲሰጥም ተሰማው። ክሩን መልሶ አስተኛው፤ ወጠረው፤ መታው።

ዝዝዝዝዝ።

እንደገና መታው። ያው ነው። ክሩ እንጨቱን እየነካ ይንጫጫል፤ ከሁለቱ ጥሩ ክሮች አጠገብ እንደ ሰካራም ሰው ድምፅ። ልብስ ሰፊው ሞረዱን አስቀመጠ። ሌላ አጥንት የለም። ሌላ ቀንም የለም። ዘጠኝ ቀን ተመላልሶ፣ ቀኑን ሙሉ ሞርዶ፣ በአንድ ግፊት አበላሸው።

"ምንም አይልም ጋሼ" አለች ሚጢ። ድምፅዋ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። እሱ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ስለጠፋው ብቻ፣ በአውራ ጣቱ ያንኑ ክር አንድ ጊዜ ደግሞ ነካው።

ዝዝዝዝዝ።

ማድ ቤት ውስጥ ድስት ወደቀ።

"ሥጋ ቤቱ!" አለች እናትየው።

ሁለቱም ዞሩ። በሩ ላይ ቆማለች፤ በአንድ እጇ ጋዜጣ፣ በሌላው ልትጠቀልለው ያነሳችው ፎጣ።

"ሥጋ ቤቱ ጋ ነበረች! እሷን ክር ይመታትና 'ሥጋ ቤቱ ጋ ዝንቡ ያለ ትኬት ገባ' ይል ነበር! ምታት እስኪ። ምታት፣ አትቁም!"

መታት። እናትየው ፎጣውን ከራሷ በላይ አንስታ አወዛወዘችው፤ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ጉልበቷን እየጎተተች፣ ባዶው መደርደሪያ ጋ ደረሰች፤ አየር ላይ የሌለ ዝንብ መታች።

ልብስ ሰፊው እጁ ክሩ ላይ ቀረ።

"ዝንብ ነው እንዴ?" አለ።

"ምኑ?"

"ፎጣው። እኔ እኮ… ጭፈራ ይመስለኝ ነበር።"

እናትየው አየችው። ፎጣውን ደረቷ ላይ ይዛ እስክታነባ ድረስ ሳቀች። "ይሄን ሁሉ ዓመት? አዪ ልጄ! እንደተጋባን ሰሞን ነው። ያ አናጺ አንዷን ክር አበላሽቶበት ስትንጫጫ፣ እኔ የእውነት ዝንብ የገባ መስሎኝ ፎጣ ይዤ ተነሳሁ። ቤቱን ሦስቴ ዞርኩት። አባትህ በሳቅ ከአልጋው ሊወድቅ። ከዚያ በኋላማ ክሯን አሠራት ብለው እምቢ አለ፤ ዘፈኑ ውስጥ ከተታት። እኔም ሚጢ እስክትወለድ ድረስ ሥጋ ቤቱ ጋ ሲደርስ እነሳ ነበር።" ዓይኗን በፎጣው ጠረገች። "ኋላ ኋላ እንግዲህ ዝንብም አልነበረ። ጭፈራ ነው ካልክም ጭፈራ ነው።"

ሚጢ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጠመኔውን አነሳችና በነጩ ቦታ ላይ ጻፈች።

የቀሩትን ሦስት ቦዮች ልብስ ሰፊው ሳይቸኩል አወጣ። አባቱ ያስተማረው ሦስት ቅኝት ብቻ ነው፤ ለአንድ አውቶቡስ ግን ይበቃል። ከድልድዩ ተነሱ፤ ዳቦ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን አለፉ። ሚጢ ትዘፍናለች፤ እናትየው ጅማሬውን ታቀብላታለች፤ ሥጋ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ፎጣው ይነሳል። ክሊኒኩን አልፈው ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ወዲያው መልሰው ከድልድዩ ይነሳሉ። መብራት እስኪበራ ድረስ አራቴ ተመላለሱ።

በማግስቱ ጠዋት ሚጢ የተከራየቻትን መኪና ይዛ መጣች። ካርቶኖቹ ወረዱ። ልብስ ሰፊው ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ሊያስገባ ሲል እናቱ በመስኮቱ እጇን አወጣች።

"እሱን ወዴት ነው? ከእኔ ጋር ማን ሊመታው ነው፣ ሚጢ? እሷ እንደሆነች በጥርሷ ካልሆነ አትችልም።"

"እማዬ!" አለች ሚጢ ከመሪው ኋላ።

"አንተው ጋ ይሁን። በዓል በመጣ ቁጥር ይዘኸው ትመጣለህ። 'ነገ' ብትለኝ ደግሞ አልሰማህም።"

"እሺ።"

"ያቺን ክር እንዳታስነካት።"

"ማን ይነካታል።"

ጊታሩን አቅፎ መንገዱ ዳር ቆመ። መኪናዋ ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ፣ በመስኮቱ አንድ ነጭ ፎጣ ወጥቶ አንድ ጊዜ አየሩን መታ።